ከገበያ ተሸክመነው የምንገባው ነቀዝ፦ ሽሮን፣ በርበሬንና ጥራጥሬን ሳይነቅዙ ማቆያ

ሽሮውን ወንፊት ላይ አፈሰስኩት። ግማሹ ወረደ፤ ግማሹ ተንጠልጥሎ ቀረ። መጀመሪያ እርጥበት የነካው መሰለኝ። ጠጋ ብዬ ሳየው ድር ነው። እንደ ሸረሪት ድር የቀጠነ ክር ዱቄቱን ጓል ጓል አድርጎ ሰፍቶታል። አንዱን ጓል በጣቴ ስፈረክሰው፣ ነጣ ያለች፣ ጭንቅላቷ ቡናማ የሆነ ትል ተጠቅልላ ተኝታለች።

እናቴ ለሁዳዴ ብላ ለቅማ፣ አምሳ፣ ቅመሙን በእጇ ለክታ፣ አስፈጭታ የላከችልኝ ሽሮ ነበር። ስድስት ኪሎ ያህል ቀርቶ ነበር። ሁሉንም ደፋሁት። እውነቱን ለመናገር አለቀስኩ። የአንድ ሰው የስንት ቀን ድካም እኮ ነው።

ስደውልላት አልተቆጣችም። «የኔ ልጅ፣ ሽሮው ምን ያድርግ፤ እንዴት ነው ያስቀመጥሽው?» አለችኝ። በፌስታል፣ ምድጃው አጠገብ ካለው መደርደሪያ ላይ። መልሱን ስናገር ጥፋቱ ራሱ ታየኝ። ከዚያ ወዲህ ነገሩን በደንብ ተከታትዬዋለሁ፤ የተማርኩትን እንደሚሠራበት ቅደም ተከተል ላስቀምጠው።

በመጀመሪያ፦ ከየት ነው የሚመጣው?

ነቀዝ ከአቧራ አይፈጠርም፤ እህል ስለቆየ ብቻም ከውስጡ አይበቅልም። አብዛኛውን ጊዜ ከእህሉ ጋር፣ በእንቁላል ወይም በትል መልክ፣ እኛው ራሳችን ከገበያ ተሸክመነው እንገባለን። የገዛን ቀን ምንም አይታይም። ከወር ከምናምን በኋላ ድንገት ሲርመሰመስ እናየዋለን። ስለዚህ ዋናው ሥራ ያለው በሚገባበት በር ላይ ነው።

ደግሞም «ነቀዝ» የምንለው አንድ ነገር አይደለም። ለይቶ ማወቁ ይጠቅማል፤ የትኛው ዕቃ እንደሚያሰጋን ይነግረናል።

በቆሎ፣ ስንዴ፣ ማሽላና ሩዝ ላይ የምናየው አፉ እንደ ኩምቢ የሾለው፣ ከ3 እስከ 4 ሚሊ ሜትር የሚሆነው ጥቁር ቡናማ ነቀዝ ነው። ፓስታም አይምርም። እናቲቱ ፍሬውን በአፏ ትበሳና አንዲት እንቁላል ትጥልበታለች። ቀዳዳውን መልሳ ትደፍነዋለች። ትሉ የሚያድገው ፍሬው ውስጥ ነው። ሞቅ ባለ ቦታ በአምስት ሳምንት ገደማ በስቶ ይወጣል። ብናበጥረውም ብንለቅመውም ዓይናችን የማያገኘው ለዚህ ነው።

የሽንብራና የምስር ነቀዝ ግን እንቁላሉን ከላይ ነው የሚለጥፈው። አንድ እፍኝ ሽንብራ መስኮት አጠገብ ወስዳችሁ እዩት። እንደ መርፌ ጫፍ ያለች ነጭ ነጥብ ተለጥፋበት ካያችሁ እንቁላል ናት። ስትፈለፈል ትሏ ቀጥታ ወደ ውስጥ ትገባለች። ሲጎለምስ ክብ መስኮት ከፍቶ ይወጣል። ጎልማሳው እህሉን አይበላም፤ ዕድሜውም አጭር ነው። ጉዳቱን ሁሉ የሚያደርሰው ትሉ ነው። አንድ ነገር ደስ ይላል፦ ይህ ነፍሳት የሚፈልገው ሙሉውን ፍሬ ስለሆነ የተከካ ክክን ብዙም አይደፍርም።

ዱቄት፣ ሽሮና ክክ ውስጥ የሚገባው ደግሞ ቀይ ቡናማ፣ ጠፍጠፍ ያለ ትንሽ ጥንዚዛ ነው። ሲበዛ ዱቄቱን ደስ የማይል፣ አፍንጫ የሚወጋ ሽታ ይሰጠዋል። ያ ሽታ በማበጠር አይለቅም።

በርበሬስ? «ማን በርበሬ ይበላል?» እንላለን። አንዲት ክብ፣ ከሰሊጥ ፍሬ የማትበልጥ ቡናማ ጥንዚዛ አለች፤ በርበሬም፣ ዝንጅብልም፣ ድንብላልም ትበላለች። ፌስታሉ ላይ የመርፌ ቀዳዳ የሚያክል ብስ ካያችሁ እሷን ጠርጥሩ።

የኔን ሽሮ የጨረሰው ብል ነው። ማታ ማታ ማድ ቤት ውስጥ እየተወዛወዘች የምትበር ትንሽ የእሳት እራት፣ ክንፏ ከላይ ግራጫ ከታች የመዳብ ቀለም ያለው። እሷ ራሷ አትበላም። ልጆቿ ናቸው ድር የሚያደሩት። ለውዝ፣ ተምር፣ ድርቆሽ፣ በሶ፣ ሁሉንም ይበላሉ።

ጤፍ ብቻ ነው የተረፈው። ፍሬው በጣም ደቃቅ ስለሆነ ነቀዝ ውስጡ ሊያድግበት አይችልም። ገበሬዎች ጤፍን ከሌላ እህል ጋር ደባልቀው የሚያስቀምጡትም ለዚህ ነው፤ ጤፉ በፍሬዎቹ መካከል ያለውን ክፍተት ሞልቶ ነቀዙን መንቀሳቀሻ ያሳጣዋል። ኋላ በወንፊት መለየት ነው። ጤፍ ዱቄት ከሆነ በኋላ ግን ይህ ዕድሉ ያበቃል፤ እንደ ማንኛውም ዱቄት ነው።

እርምጃ 1፦ ስትገዙ

እህል በረንዳም ሂዱ ሰፈር ሱቅ፣ ከላይ ያለውን አይታችሁ አትግዙ። እጃችሁን እስከ ክንድ ወደ ጆንያው ውስጥ ስደዱ። ውስጡ ከላዩ ይልቅ ሞቅ ካለ ነፍሳት ወይም እርጥበት አለበት። ከታች አንድ እፍኝ አውጡና መዳፋችሁ ላይ በትኑት፤ ክብ ቀዳዳ፣ ነጭ ነጥብ፣ ደቃቅ ዱቄት ፈልጉ። እጃችሁን ስታወጡ ነጭ ብናኝ ከያዘ ጆንያው ውስጥ የሚበላ አለ ማለት ነው።

ቤት ስትደርሱ ሌላ ፍተሻ አለ። ጥቂት ፍሬ ውኃ ውስጥ ጨምሩ። ውስጡ የተበላው ይንሳፈፋል። ከአንድ እፍኝ ሦስት አራት ከተንሳፈፈ ያን እህል ከሌላው ጋር አታቀላቅሉት።

እርምጃ 2፦ ጓዳ ከመግባቱ በፊት መግደል

ብዙ ሰው የሚዘለው ይህንን ነው፤ እኔ ደግሞ ከሁሉም አጥብቄ የምለምነው ይህንን ነው። አዲስ የመጣ ጥራጥሬ፣ ሩዝ ወይም ዱቄት ቀጥታ ከነባሩ ጋር አይቀመጥ። መጀመሪያ ከሦስቱ መንገዶች በአንዱ ይለፍ።

*ብርድ።* ዲፕ ፍሪዝ ላለው ሰው ከዚህ የተሻለ የለም። ከአንድ እስከ ሁለት ኪሎ እያደረጋችሁ በወፍራም ላስቲክ ጠፍጠፍ አድርጋችሁ አሽጉ። በ18 ዲግሪ ከዜሮ በታች አራት ቀን ይቆይ፤ ጥቅሉ ትልቅ ከሆነ ሳምንት ይሁን። መካከል ላይ መብራት ከጠፋና ፍሪዙ ከቀለጠ ቀኑን እንደገና ከአንድ ቁጠሩ። ስታወጡት ደግሞ ወዲያው አትክፈቱት። እሽጉ እንዳለ አንድ ሌሊት ይደር። በቀዝቃዛነቱ ከተከፈተ የክፍሉ እርጥበት ዱቄቱ ላይ ጤዛ ይሆናል፤ ከነቀዝ ያዳንነው ሽሮ ለሻጋታ ይዳረጋል።

ውጭ አገር ያላችሁ፣ ከቤተሰብ በሻንጣ የሚመጣላችሁን ሽሮና በርበሬ እንደደረሰ ፍሪዘር አስገቡት። ቦታ ካላችሁ እዚያው ይኑር፤ ለሳምንት የሚበቃችሁን ብቻ እያወጣችሁ ተጠቀሙ። በርበሬው ቀለሙና መዓዛውም ይቆይላችኋል።

*እሳት።* ሽንብራና አተር ለሽሮ ሲታመስ ውስጡ ያለው ሁሉ ያልቃል። ለማይታመስ ጥራጥሬ ኦቨን ካለ በ60 ዲግሪ፣ ከሁለት ጣት ባልወፈረ ንጣፍ፣ አንድ ሰዓት ይበቃል። ለዘር ያሰባችሁትን ግን እሳት አታስነኩት።

*ፀሐይ።* ፀሐይ ላይ ማስጣት ሁላችንም እናውቃለን። ግን ልብ ብላችሁ አይታችሁ ከሆነ፣ ሰፌድ ላይ ስናሰጣው ጎልማሳው ነቀዝ ሙቀቱን ሸሽቶ እየተራመደ ይወርዳል። ማታ ወደ ጓዳ ይመለሳል። ፍሬው ውስጥ ያለው ትልም አይሞትም። ስለዚህ እንዲህ አድርጉ። ጥቁር ላስቲክ መሬት ላይ ዘርጉ፤ ከሥሩ ጆንያ ወይም ገለባ ቢኖር ሙቀቱን ይይዛል። እህሉን በስሱ፣ ሁለት ጣት በማይሞላ ውፍረት በትኑት። በላዩ ላይ ውስጡን የሚያሳይ ላስቲክ አልብሱና ዙሪያውን በድንጋይ እጠፉት። ጥርት ባለ ቀን ከረፋዱ 4 ሰዓት እስከ 9 ሰዓት ይቆይ። ላስቲኩ ሥር ያለው ሙቀት ከ57 ዲግሪ በላይ አንድ ሰዓት ከቆየ፣ ፍሬው ውስጥ ያለውም ያልቃል። እጃችሁን ላስቲኩ ሥር ብታስገቡ ማቆየት የማያስችል መሆን አለበት። በማግስቱ ብትደግሙት የበለጠ ያስተማምናል።

እርምጃ 3፦ ደርቋል ወይ?

እርጥብ እህል ከነቀዝም በላይ ሻጋታ ያመጣል። አንዷን ፍሬ በጥርስ ሰብሩ፤ «ቀጭ» ብላ ከተሰበረች ጥሩ ነው፤ ከተጨፈለቀች ገና ናት።

ሌላ አስተማማኝ ፍተሻ የጨው ነው። ደረቅ ብርጭቆ ማሰሮ፣ አንድ ሦስተኛው ድረስ እህል፣ ሁለት ሦስት ማንኪያ ደረቅ ጨው። ክደኑና ለጥቂት ደቂቃ አንቀጥቅጡት፤ ከዚያ ሩብ ሰዓት ያህል ይቀመጥ። ጨው ማሰሮው ግድግዳ ላይ ከተለጠፈ የእህሉ እርጥበት ከ15 በመቶ በላይ ነው፤ ወደ ፀሐይ ይመለስ። ለረጅም ጊዜ ለሚቀመጥ 13 በመቶና ከዚያ በታች ነው የሚፈለገው፤ ስለዚህ ጨው ባይለጠፍም ለወራት የምታስቀምጡትን አንድ ቀን ጨምራችሁ አስጡት።

ለሽሮና ለበርበሬ የሚገባው ነጭ ሽንኩርት፣ ዝንጅብልና በሶብላ ላይ ልዩ ጥንቃቄ ያስፈልጋል። ዋናው እህል ደርቆ ቅመሙ ለስለስ ካለ፣ ሁሉንም የሚያበላሸው እሱ ነው።

እርምጃ 4፦ ወፍጮ ቤት

የታመሰ ሽንብራ ንጹሕ ሆኖ ይሄድና ከወፍጮ ቤት ከነነቀዙ ሊመለስ ይችላል። ወፍጮው ውስጥ፣ መውረጃው ጨርቅ ላይ፣ ጥግ ጥጉ ላይ የሌላ ሰው ዱቄት ተሰንቅሮ ይኖራል። የዱቄት ጥንዚዛ ደግሞ ሌላ ምን ይፈልጋል? ከተቻለ ጠዋት፣ ወፍጮው ከተጠረገ በኋላ ድረሱ። መጀመሪያ የሚወርደውን አንድ ሁለት ጭብጥ ለብቻ ተቀበሉት። መያዣውን ከቤት ይዛችሁ ሂዱ፤ ወፍጮ ቤት ጥግ የተቀመጠ ማዳበሪያ አትዋሱ።

ከዚያ የሚከተለው ላይ ብዙዎቻችን እንሳሳታለን። ዱቄት ከወፍጮ ሲወጣ ትኩስ ነው። እንደሞቀ ከተከደነ ያልበዋል። ክዳኑን ብታነሱ ከውስጥ ጠብታ ታያላችሁ። ንጹሕ አንሶላ ላይ በስሱ ዘርግታችሁ፣ ስስ ጨርቅ ጣል አድርጋችሁበት፣ ፍጹም እስኪቀዘቅዝ ጠብቁ። እናቴ እጇን ከታች አስገብታ «ገና ነው» የምትለው፣ እኔ ቀዘቀዘ ካልኩ አንድ ሰዓት በኋላ ነው።

እርምጃ 5፦ ዕቃው

ፌስታል ዕቃ አይደለም። ነቀዝ ይበሳዋል። ወረቀትና ካርቶንም እንዲሁ። የሚያዋጣው ብርጭቆ፣ ብረት ወይም ወፍራም ፕላስቲክ ነው፤ ክዳኑ ላይ የጎማ ቀለበት ያለው ቢሆን ይመረጣል። የብል ትል በሚጠመዘዝ ክዳን ጥርስ መካከል ሾልካ ትገባለች፤ ጎማ ከሌለው ከክዳኑ ሥር ወፍራም ላስቲክ ጣል አድርጉና አጥብቁት።

ለጥራጥሬ ጀሪካንና የውኃ ሃይላንድ በጣም ጥሩ ናቸው። ምስጢሩ አፍ እስከ ገደፉ መሙላት ነው። እየነቀነቃችሁ ጨምሩ፤ ክፍተት አይኑር። አየር በቀነሰ ቁጥር ውስጥ የቀረ ነቀዝ ኦክሲጅኑን ቶሎ ይጨርስና መብላት ያቆማል፤ በመጨረሻም ይሞታል። ቢያንስ አንድ ወር ሳይከፈት ይቆይ። በየቀኑ የምንከፍተው ጀሪካን ይህንን ሥራ አይሠራም፤ ስለዚህ ከአንድ ትልቅ ይልቅ ብዙ ትንንሽ ይሻላል። የዘይት ጀሪካን ከሆነ በሳሙና ታጥቦ ይድረቅ። ነዳጅ ወይም የግብርና መድኃኒት የነበረበትን ዕቃ ግን ስንት ጊዜ ቢታጠብም ምግብ አታስገቡበት።

እህል በኩንታል ለሚያስገባ ቤተሰብ ባለ ሦስት ሽፋን ከረጢት አለ፤ ፒክስ ይባላል። ሁለት ወፍራም ላስቲክ ከውስጥ፣ ማዳበሪያ ከውጭ። ከመሙላታችሁ በፊት ላስቲኮቹን በአየር ነፍታችሁ ቀዳዳ እንደሌለ እዩ። ከሞላ በኋላ አየሩን ጨምቁና እያንዳንዱን ሽፋን ለየብቻ ጠምዝዛችሁ፣ አጥፋችሁ እሰሩ።

ሽንብራንና ቦሎቄን በዘይት ማሸትም ይሠራል። ለአንድ ኪሎ አንድ የሻይ ማንኪያ የምግብ ዘይት፣ ሁሉም ፍሬ እስኪያብለጨልጭ። እንቁላሉን ያፍነዋል። ሲቆይ ዘይቱ ስለሚበላሽ በጥቂት ወራት ውስጥ ለሚበላ ብቻ ይሁን።

ነጭ ሽንኩርት ጣል ማድረግ፣ ዛላ በርበሬ መሰካት፣ ቅጠል መጨመር... ከእናቶቻችን የወረስነው ስለሆነ አላጣጥለውም። ነገር ግን ሽታ ፍሬ ውስጥ የተደበቀውን ትል አያገኘውም። በርበሬ ራሱ ሲበላ አይተናል። ይጠቅማል ብላችሁ ካመናችሁ፣ ከላይ ካሉት እርምጃዎች ጋር እንጂ በእነሱ ምትክ አይሁን።

እርምጃ 6፦ ቦታና ጊዜ

ከምድጃው በላይ ያለው መደርደሪያና የፍሪጅ አናት ሞቃት ስለሆኑ ለነቀዝ ይመቻሉ። ከ15 ዲግሪ በታች ግን እድገቱ በጣም ይዘገያል። ቤታችሁ ውስጥ ቀዝቀዝ የሚለውን፣ ደረቅና ጨለማ ጥግ ፈልጉ። ቆላ አካባቢ ያላችሁ ደግሞ በአንድ ጊዜ ብዙ አታስፈጩ፤ እህሉን አቆይታችሁ ዱቄቱን በየወሩ አድርጉ።

አንድ ወቅት በተለይ ይታሰብበት። ለሁዳዴ የተዘጋጀ ሽሮ ከፋሲካ በኋላ ይረሳል። ሃምሳው ቀን የዶሮና የሥጋ ነው፤ ማንም ሽሮ አያስታውስም። ያ ወቅት ደግሞ ሞቃቱ ሚያዝያና ግንቦት ነው። ሃምሳ ቀን ለብል አንድ ትውልድ ሊበቃት ይችላል። የኔ ሽሮ ያለቀው በዚያው ነው። አሁን የፋሲካ ዋዜማ የቀረውን ሽሮ በወንፊት አሳልፌ ፍሪዘር አስገባዋለሁ። ዕቃው ላይ ወሩን እጽፋለሁ። ፀሐይ የሚፈልገውንም ሁሉ ክረምት ሳይገባ እጨርሳለሁ፤ ሐምሌ ላይ ፀሐይ መጠበቅ የትም አያደርስም።

ክኒኑን ቤት አታስገቡ

እዚህ ላይ ቆም ብላችሁ እንድታነቡኝ እለምናችኋለሁ። «የነቀዝ መድኃኒት» እየተባለ በየቦታው የሚሸጠው ክኒን አሉሚኒየም ፎስፋይድ ነው። እርጥበት ሲነካው፣ የአየር እርጥበትም ቢሆን፣ ፎስፊን የሚባል ጋዝ ይለቃል። ጋዙ ነቀዝና ሰው አይለይም። በበር ሥር፣ በጣሪያ ክፍተት ወደ ቀጣዩ ክፍል ያልፋል። ማርከሻ የለውም። ሰው በሚተኛበት ቤት ጆንያ ውስጥ ተጥሎ፣ በተኙበት የቀሩ ቤተሰቦች አሉ። ሁለት ኩንታል እህል የልጅን ነፍስ አያህልም።

ከገበያ በመጣ እህል ውስጥ ግራጫ ክኒን ወይም ግራጫ ዱቄት የቋጠረ ጨርቅ ካገኛችሁ በእጅ አትንኩት፤ ውኃም አታፍስሱበት። ሰዎቹን ከቤት አስወጡ፤ በርና መስኮት ክፈቱ። የግብርና ባለሙያ ጥሩና እሱ ያንሳው። ራስ ምታት፣ ማስታወክ ወይም ደረት ላይ መጨናነቅ የተሰማው ሰው ካለ ሳትዘገዩ ሐኪም ቤት ውሰዱት፤ ምን እንደነካውም ተናገሩ። የትኋንና የበረሮ መርጫም ምግብ ያለበት ቁም ሳጥን ውስጥ አይነፋ።

አንዴ ከገባስ?

ከሁሉ በፊት ምንጩን ፈልጉ። አንድ ዕቃ አለ፤ የተረሳ ለውዝ፣ ከኋላ የተወሸቀ ድርቆሽ፣ የዶሮ መኖ። እሱን ሳታገኙ ሌላውን ብታጸዱ ከወር በኋላ ተመልሶ ይመጣል።

ሁሉንም አውጡ። ጥቂት ነቀዝ ብቻ የታየበት ሙሉ እህል ይበጠር፣ ይታጠብ፣ ይበላ፤ ጉዳት የለውም። ድር የያዘ፣ የሸተተ ወይም የጓጎለ ዱቄት ይጣል። የሻገተ ደግሞ ለከብትም ለዶሮም አይሰጥ፤ መርዙ በወተቱ ተመልሶ ወደ እኛ ይመጣል። የሚጣለውን በፌስታል አስራችሁ የዚያኑ ቀን ከግቢ አስወጡ።

መደርደሪያውን መጀመሪያ በደረቅ ብሩሽ ጥረጉት። ጥጉን፣ የብሎን ቀዳዳውን፣ የተነጠፈውን ወረቀት ሥር። በመርፌ እየጎረጎራችሁ የተሰነቀረ ዱቄት አውጡ። ከዚያ በሳሙና ውኃ ወልውሉና ፍጹም ሳይደርቅ ምንም አትመልሱበት። ብል ከሆነ ጣሪያውንና ግድግዳው ከጣሪያ የሚገናኝበትን ጥግ እዩ፤ ትሎቹ ለመጠቅለል ከምግቡ ርቀው ወደ ላይ ይወጣሉ። ነጭ ጥጥ የመሰለ ነገር ካያችሁ በጨርቅ አንሱት። የተረፈውን ምግብ እርምጃ 2 ላይ መልሱና ስድስት ሳምንት ተከታተሉ።

ማዳበሪያውን፣ ወንፊቱን፣ የሽሮ ማንኪያውንም አትርሱ። እኔ ሁሉንም አጽድቼ የድሮውን ማዳበሪያ አጣጥፌ እዚያው መልሼው ነበር። ስፌቱን ስፈታው አራት ትሎች ተሰልፈው አገኘሁ። አሁን በፈላ ውኃ ዘፍዝፌ፣ ገልብጬ፣ ሽቦ ላይ አሰጣዋለሁ።